ዴክሳ፣ የጃርቪክ ጀልባ እና የግድግዳዬ ሰዓት

ልጅቷ የመጣችው ሰኞ ቀን ነው። ሰኞ ደሴ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፣ ከሰኞ ገበያ የሚመለሰው ሰው ዶሮውንም በርበሬውንም እንደያዘ ነው ፋርማሲ የሚገባው፣ አንዱ ለልጁ ሽሮፕ ይላል፣ አንዷ የግፊቷን መድኃኒት ባዶ ፓኬት ታሳየኛለች፣ አንዱ ደሞ ዝም ብሎ «ራስ ምታት» ይልና ይቆማል፣ እኔም በዚህ መሃል አንድ እጄ መደርደሪያ ላይ አንድ እጄ ካልኩሌተር ላይ ነው። እሷ ግን ባንኮኒው ጥግ ላይ ቆማ ሰው እስኪወጣ ትጠብቃለች። ይቺን አቋቋም ፋርማሲ የሰራ ሁሉ ያውቃታል፣ ሰው እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ወይ የሚያፍርበትን ነገር ሊገዛ ነው ወይ ማዘዣ የለውም።

ሰዉ ሳሳ ሲል ጠጋ ብላ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና «ዶክተር፣ ይሄ አለ?» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ እኛ ጋ ዶክተር ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።)

ስልኩ ላይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ፖስት ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፣ ግራው ላይ «በፊት» ቀኙ ላይ «በኋላ» ተብሎ ተጽፎበታል። የግራዋ ልጅ ቀጭን ናት፣ መብራቱም ደብዛዛ ነው፣ የቀኟ ጉንጯ ሞልቶ ሂጃቧን አሳምራ ትስቃለች፣ ልብ ብሎ ላየው ሰው ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውም ያጠራጥራል። ከስር «ለሙሽሮች፣ በ15 ቀን ውስጥ የሚያምር ሰውነት፣ ምንም ሳይድ ኢፌክት የለውም» ይላል፣ የእሳት ኢሞጂው ብዛት አይነገርም። የመድኃኒቱ ስም የለም። የሻጯም ስም የለም። «ኢንቦክስ» ብቻ።

ልጅቷ ከኮምቦልቻ ነው የሐረጎን ዳገት ወጥታ የመጣችው፣ እዛማ ፋርማሲ ገብታ ብትጠይቅ የሚያውቃት ሰው አይጠፋም። ሰርጓ ደርሷል። እስካሁን ከሻጯ ስትገዛ በሚኒባስ ሾፌር እየተላከላት ነበር፣ አሁን ሻጯ ዋጋ ስለጨመረች ነው ራሷ ፈልጋ ልትገዛ የወጣችው። «ክኒኑን ይዘሽዋል?» አልኳት። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች፣ ሁለት ዓይነት ክኒን ነው፣ አንዱ ልቅ ነው፣ አንዱ ግን ከነስትሪፑ ነው። ስትሪፑ በመቀስ ተከርክሟል፣ ስሙ የተጻፈበትን ጠርዝ ዙሪያውን ቆርጠው ጥለውታል። የቆረጠው ሰው ግን ተቻኩሏል መሰለኝ የስሙ መሃል ፎይሉ ላይ ቀርቷል፣ ወደ መብራቱ አስጠግቼ ሳየው «ሜታዞ» የምትል ቁራጭ ትነበባለች።

ዴክሳ ነው። ዴክሳሜታዞን።

ልቁን ክኒን በዓይኔ አይቼ ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ ግን በዚህ ገበያ ከዴክሳ ጋር የሚጣመረው ብዙ ጊዜ ሳይፕሮሄፕታዲን ነው፣ የአለርጂ መድኃኒት ሆኖ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት፣ እንቅልፍም የሚጥል። ሁለቱን ደባልቆ «የመወፈሪያ» ብሎ መሸጥ ደሴም ኮምቦልቻም አዲስ አበባም ያለ ነገር ነው፣ አዲስ አይደለም፣ አዲሱ ነገር ማስታወቂያው ነው። ድሮ ጎረቤት ለጎረቤት በሹክሹክታ ነበር፣ አሁን ኪስ ውስጥ ገብቷል።

ዴክሳ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፣ ይሄ ይሰመርልኝ። በፈረንጅ 2020 ጁን ላይ ሪከቨሪ የሚባለው የእንግሊዞቹ ጥናት በኮቪድ ምክንያት ቬንቲሌተር ላይ ከነበሩት በሽተኞች የሞቱን መጠን በሲሶ ያህል የቀነሰው ይሄው ርካሽ ክኒን መሆኑን ሲያወጣ እኔ በዛ ሳምንት በሙያዬ ኮርቼ ነበር። ግን ይሄ ነገር ስቴሮይድ ነው፣ ሰውነት ራሱ የሚሰራውን ሆርሞን አስመስሎ የተሰራ። ፊት የሚሞላው ሰውነት ስለፋፋ አይደለም፣ መድኃኒቱ ውሃ ይይዛል፣ ስቡን ደሞ ከእጅና ከእግር ወደ ፊትና ወደ ሆድ ያመጣዋል፣ ጉንጯ ሞላ ተብሎ እልል የሚባልለት ነገር ሐኪም ቢያየው የሕመም ምልክት ብሎ ካርድ ላይ የሚጽፈው ነው። ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራ ይነካል፣ ኢንፌክሽን የመቋቋም አቅም ያወርዳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፣ ኩላሊት አናት ላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ያመርቱ የነበሩት ከውጭ ሲመጣላቸው ስራ ያቆማሉ፣ ከዛ ሰውየው መድኃኒቱን አንድ ቀን ድንገት ሲያቆም ዕጢዎቹ ገና እንደተኙ ናቸው፣ ድካም፣ ማስታወክ፣ የግፊት መውረድ፣ ሲብስም ሞት አለ። ልጅቷ ከአምስት ሳምንት በላይ ወስዳለች።

እና እኔ ምን አልኳት? አልሸጥኩላትም። ግን «አቁሚው» ብዬም አላልኳትም፣ ማለት አልችልም፣ ሁለት ፍሬ ነው የቀራት። «እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይሽ፣ ነገ አትበይ፣ በአንዴ ማቋረጥ የለብሽም፣ እሱ ቀስ በቀስ የሚያስቀንስሽን ይጽፍልሻል፣ አብሽሪ ምንም አትሆኚም» አልኳት። ፊቷን አጠቆረችብኝ። «ወላሂ ስንቷ ወስዳው ምንም አልሆነችም፣ አንተ ስለሌለህ ነው» ብላ ሶፍቷን ጠቅልላ ወጣች። ሐኪም ጋ አትሄድም ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ በኋላ እንደሰማሁት ግን ሄዳለች፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ያን ቀን ማታ ሱቅ ዘግቼ ስልኬን ይዤ ቁጭ ስል ንዴቴ በልጅቷ አልነበረም። በዛች «በኋላ» የምትል ፎቶ ነው።

በሕጉ እንጀምር ካልን ሕጉ አለ፣ ያውም ጠንካራ ነው። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒት ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ይከለክላል፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የሚባለውም ቁጥር 1112/2011 ይሄንኑ ነው የሚያጠብቀው። ይሄ ሁለተኛው አዋጅ ሰው የሚያውቀው በቢራ ነው፣ በ2011 የቢራ ማስታወቂያ ከቲቪና ከሬዲዮ ድንገት ጭጭ ያለው በሱ ነው፣ እኛ ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ጎረቤት ስለሆንን ያኔ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለዛ ነበር የሚያወራው። ስለ መድኃኒቱ ግን ያወራ ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ልጅቷ ስልክ ላይ ያለው ፖስት ከየትኛውም በኩል ቢያዩት ክልክል ነው፣ መድኃኒቱን ማስተዋወቁ ክልክል፣ ያለ ፈቃድ መሸጡ ክልክል፣ ያለ ማዘዣ መሸጡ ክልክል፣ ስሙን በመቀስ ቆርጦ መሸጥ ደሞ ስም እንኳን ያለው ወንጀል አይመስለኝም።

አሜሪካ ግን ይፈቀዳል። በሐኪም ማዘዣ የሚሸጥን መድኃኒት በቲቪ በቀጥታ ለበሽተኛው ማስተዋወቅ የሚፈቅዱት በዓለም ላይ ሁለት ሀገሮች ናቸው ይባላል፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ። ቨርጂኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ ሲደውል ከኋላው ቲቪው ይሰማኛል፣ ለስላሳ ሙዚቃ፣ ከዛ አንድ ሰውዬ በጣም ቶሎ ቶሎ እያወራ «ጉበት... ሞት...» ምናምን ይላል፣ ሙዚቃው ግን እንደ ሰርግ ቤት ነው። «ምንድን ነው እሱ?» ስለው «ኧረ የመድኃኒት ማስታወቂያ ነው፣ ለምደነዋል» ይለኛል። የሚገርመው ይሄ ነገር ከራሱ ከቨርጂኒያ ጋር ታሪክ አለው፣ በፈረንጅ 1976 (ስለ አሜሪካ ሳወራ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያ ፋርማሲስቶች የመድኃኒት ዋጋ እንዳያስተዋውቁ የሚከለክለውን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሽሮታል፣ ማስታወቂያም ንግግር ነው በሚል። እንግዲህ ሸማቾች የመድኃኒት ዋጋ እንወቅ ብለው የተከራከሩበት ጉዳይ ነው ከጊዜ በኋላ ለትልልቆቹ ካምፓኒዎች ጋሻ የሆነው።

መቆጣጠሩን የሚሰራው ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ነው። እስከ 1962 ድረስ የመድኃኒት ማስታወቂያን የሚያየው የንግድ ኮሚሽናቸው ነበር፣ ታሊዶማይድ የሚባለው ነፍሰ ጡሮች የወሰዱት መድኃኒት ስንት ሕፃን አካል ጉዳተኛ አድርጎ ዓለም ከደነገጠ በኋላ ነው ኮንግረሱ ሕጉን ያጠበቀውና የማዘዣ መድኃኒት ማስታወቂያን ለኤፍዲኤ የሰጠው። ደንቡ ሲታይ ያምራል፣ ጥቅሙን ካወራህ ጉዳቱንም በዛው ሚዛን አውራ ይላል። ችግሩ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት አይተው አያጸድቁትም፣ ካምፓኒው ማስታወቂያውን በሚለቅበት ሰዓት ለኤፍዲኤ ይልካል፣ እነሱ ደሞ ሲደርሳቸው ያዩታል፣ ካልተስማማቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። በ1997 የቲቪው ደንብ ሲላላ ጎርፉ መጣ፣ ደብዳቤ ጸሐፊው ግን ያው ጥቂት ሰው ነው።

እዚህ ጋ የጃርቪክን ነገር ሳላወራ አላልፍም፣ ባነበብኩት ቁጥር ስለሚያስቀኝም ስለሚያናድደኝም። ሮበርት ጃርቪክ ሰው ሰራሽ ልብ በመስራት ስሙ የገነነ ሰው ነው። ፋይዘር ሊፒቶር ለሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ማስታወቂያ አመጣው፣ ሰውዬው ካሜራ ፊት ቆሞ እንደ ሐኪም ይመክራል፣ ከዛ ደሞ ሐይቅ ላይ በቀጭን ጀልባ ሲቀዝፍ ይታያል፣ ጤና ማለት ይሄ ነው በሚል አኳኋን። ኋላ ሲጣራ ሰውዬው የሕክምና ዲግሪ አለው እንጂ ሐኪም ሆኖ ለመስራት ፈቃድ የለውም፣ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም። ጀልባውን የሚቀዝፈውም እሱ አይደለም፣ በሱ ምትክ የሚቀዝፍ ሌላ ሰው ቀጥረው ነው። ክፍያው ቢያንስ 1.35 ሚሊዮን ዶላር። በ2008 መጀመሪያ ላይ የኮንግረሱ ኮሚቴ ጥያቄ ሲያነሳ ፋይዘር በፌብሯሪ ማስታወቂያውን አነሳው። ልብ በሉ፣ ሁለት ዓመት ያህል ከታየ በኋላ ነው።

ጀልባውን እንኳ ይሁን። እኔን የያዘኝ የጋዜጣው ማስታወቂያ ነው። «የሃርት አታክን (የድንገተኛ የልብ ሕመምን) አደጋ በ36% ይቀንሳል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፣ ከቁጥሯ ጎን ደሞ ትንሽ ኮከብ። ኮከቧን ተከትለህ ከስር ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ ጥናቱ ላይ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 3%፣ ሊፒቶር ከወሰዱት ደሞ 2% ሃርት አታክ ደረሰባቸው ይላል። በኛ አነጋገር ይሄ ምን ማለት ነው፣ ከሰኞ ገበያ መቶ ሰው ሰብስበህ ለዓመታት መድኃኒቱን ብትሰጣቸው አንድ ሰው ታተርፋለህ፣ ዘጠና ሰባቱ ቢወስዱም ባይወስዱም አይመጣባቸውም ነበር፣ ሁለቱ ደሞ ወስደውትም መጥቶባቸዋል። አንድ ሰው ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ አቶርቫስታቲንን (የሊፒቶር የወል ስሙ ነው) በቀን በቀን አድላለሁ፣ ሐኪም ያዘዘለት ሰው እንዳያቋርጥም እለምናለሁ። ግን «36» ሲባል ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነው፣ እዛ ጋዜጣ ላይ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም፣ ኮከቧም ቦታዋ ላይ ናት።

እና ቴሌግራሟ ሻጭና ያ ጋዜጣ አንድ ናቸው ልል ነው? አይደሉም። አንዷ ስም ቆርጣ ትሸጣለች፣ አንዱ ደቃቅ ጽሑፍም ቢሆን ጽፏል፣ ስሙም አድራሻውም ይታወቃል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግን ሁለቱም ቦታ የሚሸጠው ክኒኑ ሳይሆን ፎቶው ነው፣ ጀልባውና ጉንጩ።

አሁን ወደራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም እስካሁን ጣቴን ወደ ሌላ ሰው ነው የቀሰርኩት።

ፋርማሲያችን ግድግዳ ላይ ክብ ሰዓት አለች። ከመሃሏ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባታል፣ የቁስል ፕላስተር፣ ሰው ሲያያት «ሰዓቷ ምን ሆና ነው?» ብሎ ይስቃል። ከስሩ የአንድ አንቲባዮቲክ ስም አለ። ሰዓቷን ያመጣልኝ ሜዲካል ሬፕ፣ የመድኃኒት ካምፓኒ ወኪል ነው፣ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቴ ነበር፣ እሱ ሱፍ ለብሶ ከአዲስ አበባ መጥቶ «ዶክተር» ብሎ ጠራኝ፣ ሆቴል ምሳ ጋበዘኝ፣ እስክሪብቶና ካላንደር ሰጠኝ፣ የሚያብረቀርቅ ብሮሸር ዘረጋልኝ። ብሮሸሩ ላይ ሁለት ዓምድ ያለው ግራፍ ነበር፣ የነሱ መድኃኒት ዓምድ ሰማይ ጠቀስ፣ የሌላው ተራ መድኃኒት ዓምድ ደሞ ድክ ድክ የሚል። ወደ ልቤ ገባ። ሕጉ ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ ነው የሚለው፣ ለባለሙያ መድኃኒቱን ማስረዳት ክልክል አይደለም፣ ባለሙያ ደሞ ያመዛዝናል ተብሎ ይታሰባል። እኔ ምን አመዛዘንኩ፣ ምሳውን በላሁ።

ከዛ በኋላ ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ የወል ስም ብቻ ተጽፎ ሲመጣ «ባለ ብራንዱ ይሻልዎታል፣ ጠንከር ያለ ነው» ማለት ጀመርኩ። ማንም ይህን በል ብሎ አልከፈለኝም፣ አምኜበት ነው። አንድ ቀን ከቦሩ ሜዳ በኩል የመጡ ሽማግሌ ሳል ይዟቸው ማዘዣ ይዘው መጡ፣ ያንኑ አልኳቸው፣ እሳቸውም «አንተ ካልክ ልጄ» ብለው ከኪሳቸው ብር ሲቆጥሩ አልሞላ አላቸው። ዋጋው ከሌላው ብዙ እጥፍ ነበር። ግማሹን ብቻ ገዙ። «ሌላውን በሳምንቱ» አሉ። ሳይመጡ ቀሩ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተው ሲመጡ በልጃቸው ተደግፈው ነው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ እና ቁጣ እንኳን አልነበራቸውም፣ ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ «ጥሩው መድኃኒትም አልሆነልኝ ልጄ» አሉኝ። ርካሹን ሙሉውን ቢወስዱ ኖሮ ምናልባት...። ሆስፒታል ተኝተው ዳኑ፣ አልሃምዱሊላህ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ብሮሸሩን ከመሳቢያ አውጥቼ እንደገና አየሁት። የግራፉ ዘንግ ከዜሮ አይጀምርም። ከላይ ነው ተቆርጦ የተጀመረው፣ ስለዚህ ትንሿ ልዩነት እጥፍ ትመስላለች። አንደኛ ዓመት ስታትስቲክስ የተማርኩት ነገር ነው። ፕላስተሩን የለጠፍኩት ያኔ ነው። ሰዓቷን አልጣልኳትም፣ ትሰራለች፣ ደሞ ትክክል ናት።

ሽማግሌው ቲቪ አላዩም ቴሌግራም አያውቁም። እሳቸው ዘንድ የደረሰው ማስታወቂያ እኔ ነበርኩ፣ ጋዋኔን ለብሼ። ያዙልኝ ያልኳችሁ «ዶክተር» የሚለው ነገር ይሄ ነው፣ ጃርቪክም ፈቃድ አልነበረውም፣ እኔም ዶክተር አልነበርኩም፣ ሁለታችንም ግን ሲያምኑን ዝም አልን። የትኛው ተቆጣጣሪ ነው ይህን የሚይዘው? ኢንስፔክተር መጥቶ መደርደሪያ ያያል፣ ኤክስፓየርድ ያያል፣ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ያያል፣ «ጠንከር ያለ ነው» የምትለዋን ቃል ከየት አምጥቶ ያያታል።

የኤፍዲኤ ደብዳቤ ነገር ደሞ መዘግየቱ ነው። ቫዮክስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ነበር፣ መርክ በ2000 ብቻ ለሕዝብ ማስታወቂያው ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፣ በዛ ዓመት ለፔፕሲ ማስታወቂያ ከወጣው ይበልጣል። በዛው ዓመት ልብ ላይ አደጋ እንዳለው የሚጠቁም ጥናት ወጣ። ኤፍዲኤ በሴፕቴምበር 2001 አደጋውን እያቃለላችሁ ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። መድኃኒቱ ከገበያ የወጣው ሴፕቴምበር 2004 ነው፣ በደብዳቤው እንዳይመስላችሁ፣ ሌላ ጥናት አስገድዷቸው ካምፓኒው ራሱ ነው ያወጣው። በመሃል ሦስት ዓመት። ባየር ደሞ ያዝ ለሚባለው የወሊድ መቆጣጠሪያ ያወጣው ማስታወቂያ ለብጉርና ለስሜት መለዋወጥ ያለውን ጥቅም አጋኖ ነው ተብሎ በ2009 ሌላ የ20 ሚሊዮን ዶላር ማስታወቂያ እንዲሰራ ተደረገ፣ የፊተኛውን የሚያርም ማስታወቂያ። ይሄኛውን ወድጄዋለሁ። ሌባውን ከመቅጣት በላይ የሰረቀውን አስመልሶ ተሸክሞ እንዲዞር ማድረግ ነው። ግን እንዲህ ያለው ስንት ጊዜ ይሆናል፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓመት ከመቶ በላይ ደብዳቤ የሚጽፈው መሥሪያ ቤት በቅርብ ዓመታት በጣት የሚቆጠር ነው የጻፈው፣ ከዛ በሴፕቴምበር 2025 ድንገት በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ በአንዴ ላኩ። ዝናብ ሲጠፋ ሲጠፋ ቆይቶ በረዶ እንደሚጥለው።

እኛ ጋ ደግሞ ደብዳቤ የሚላክለት አድራሻ የለም። ባለፈው ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሳይወጣ አንድ ሰውዬ ቦርሳ አንግቶ ገባ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ «እናቶቼ አባቶቼ፣ ለሽያጭ አይደለም ለማስተዋወቅ ነው» ብሎ የሚጀምረው። ለወገብ፣ ለሪህ፣ ለቁርጥማት፣ ለጨጓራ፣ ለኪንታሮት፣ አንድ ቅባት። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሁለት ገዙ። «እማማ ምን እንዳለበት ያውቃሉ?» ስላቸው «ልጄ፣ እሱ ቢያንስ ቆሞ አስረዳኝ፣ ሆስፒታል ሁለት ደቂቃም አላነጋገሩኝ» አሉኝ። ሐረጎን እስክንወርድ ድረስ መልስ አላገኘሁላቸውም። ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ዝም ብዬ ገደሉን እያየሁ ነው የወረድኩት።

የ2014ቱ ጦርነትም አለበት። ከተማው ሲያዝ የጤና ተቋማቱም ፋርማሲዎቹም ተዘርፈው ነበር፣ ሰው ከተመለሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ የስኳር መድኃኒት እንኳን በሰው በሰው ነበር የሚፈለገው። ሰው መድኃኒትን ከመደርደሪያ ሳይሆን ከሰው መግዛት ያኔ ለመደ፣ ተገድዶ ነው የለመደው። መደርደሪያው ሲመለስ ልማዱ አልተመለሰም። ይሄን የምለው ለሻጯ ሰበብ ለመፈለግ አይደለም፣ እሷ የምትቆርጠውን ታውቃለች።

ልጅቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። ማዘዣ ይዛ፣ ማኅተም ያለው፣ ሐኪሙ ዴክሳውን በሌላ ስቴሮይድ ቀይሮ በየሳምንቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ጽፎላታል። ፊቷ ክብ ብሏል፣ እሷም አውቃዋለች መሰለኝ ማስክ አድርጋ ነው የመጣችው። ፖስታው ላይ በትልቅ እስክሪብቶ ጻፍኩላት፣ የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ሁለት ፍሬ ከምግብ በኋላ፣ ሁለተኛው ሳምንት አንድ ተኩል፣ እያለ ይሄዳል፣ ግማሿን እንዴት እንደምትሰብር በቢላ አሳየኋት፣ አንዷ ተፈረካክሳ ባንኮኒው ላይ ዱቄት ሆነች፣ ሌላ ሰጠኋት። ከዛ ሳትጠይቀኝ ስልኳን አወጣች። «ይሄን ልታየው ይገባል» አለች።

ያው «በፊት» እና «በኋላ» ነው። ግን የ«በኋላ»ዋ ልጅ ሌላ ናት። እሷ ናት። በአንድ ዙር ክኒን ቅናሽ ይደረግልሻል ተብላ ከሰርጉ በፊት የላከችው ፎቶ ነው፣ የሒና ቀን ቀሚሷን ለብሳ ጉንጯ ሞልቶ ትስቃለች። ከስሩ «ምንም ሳይድ ኢፌክት የለውም» ይላል፣ ከሰማንያ በላይ ልብ አለው። እሷ ማስኳን እንዳደረገች እዚህ ቆማለች።

«ባለቤቴ ሳያየው» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ 8482 ደወልኩ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር ነው፣ የማያውቅ ካለ ይያዘው። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነበረች፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ስትሪፑ እጄ ላይ እንዳለ ጠየቀች፣ ከተማውን ጠየቀች። ከዛ «የቻናሉን ስም በትክክል ይንገሩኝ፣ ልጽፈው ነው» አለችኝ። ከዛን ቀን ሰኞ ጀምሮ ወረቀት ላይ ጽፌ ካሽ ሬጅስተሩ ስር አስቀምጬው ነበር፣ አወጣሁና ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርኩ፣ ግማሹ ላይ ስደርስ ልጅቷ ክንዴን ነካ አድርጋ «እሱ ያለፈው ነው» አለችኝ፣ «ትናንት ቀይራዋለች»።